እንኳን ማረዎት ከማለታችን በፊት



ስለ አንገት ደም ቅዳና ስለ አልትራሳውንድ እንድናገር ስጋበዝ፣ ብዙዎቻችሁ ጉዳዩን ለሐኪሞች የተተወ ነገር አድርጋችሁ እንደምትቆጥሩት ገምቻለሁ። ነገር ግን ሐኪም ከመጠራቱ በፊት በየቤቱ የሚወሰን አንድ ውሳኔ እንዳለ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ንግግሬን ከሆስፒታል አልጀምርም፤ ከአንድ ቤት፣ ከረከቦት ዙሪያ እጀምራለሁ።

ሰውየው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ቶናውን ሲጠጡ ስኒው ከቀኝ እጃቸው አመለጠ። ሊያነሡት ሲሞክሩ ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሉ። "ምንም አልሆንኩም" ሊሉ ሲሉም ቃሉ አፋቸው ውስጥ ተኮላተፈ። ልጃቸው "አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?" እያለች ተንቀጠቀጠች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን እጃቸውም አንደበታቸውም ተመለሰ። ጎረቤት "ምች ነው" አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ተሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ ዘመድ አዝማድ እየመጣ "እንኳን እግዜር ማረዎት" ብሎ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ጋዜጣ ሲያነቡ በግራ ዐይናቸው ላይ ጥቁር መጋረጃ ወረደ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተገፈፈ። መነጽሩ አርጅቷል ተባለና አዲስ ሊገዛላቸው ታሰበ። የእጁ ነገር በምች፣ የዐይኑ ነገር በመነጽር ተሳበበ፤ ሁለቱን አያይዞ ያየ ሰው አልነበረም። ያ እሑድ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ቀኝ ጎናቸው በሙሉ ከድቷቸው፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ ተገኙ። እኔ ዘንድ የመጡት ያን ጊዜ ነው። የአልትራሳውንዱን ፕሮብ በግራ አንገታቸው ላይ ሳሳርፍ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምልክት ሲሰጥ የቆየውን ነገር ስክሪኑ ላይ አየሁት።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። መጥቶ የሄደ ስትሮክ ምክንያቱን ይዞ አይሄድም። ምክንያቱ አንገት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ መኖር አለመኖሩን ሳይቆርጡ፣ ሳይወጉ፣ ጨረር ሳያሳርፉ በግማሽ ሰዓት ገደማ ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን የዚህ እውቀት ጥቅሙ ያለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

እስቲ ጣታችሁን ከማንቁርታችሁ ጎን፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ በቀስታ አሳርፉ። የሚመታው ካሮቲድ የሚባለው ደም ቅዳ ነው። ስሙ የመጣው መፍዘዝንና መደንዘዝን ከሚያመለክት የግሪክኛ ቃል ነው፤ የጥንት ሰዎች ይህን ሥር መጫን ሰውን ራሱን እንደሚያስት አስተውለው ነበር። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ፣ ልብ ከምትረጨው ደም ግን ከ15 በመቶ የማያንስ ይወስዳል። የዚህ ደም ትልቁ ድርሻ የሚያልፈው አሁን በጣታችሁ በዳሰሳችሁት ሥርና በወዲያኛው ጎን ባለው አቻው በኩል ነው።

ይህ ደም ቅዳ ወደ ላይ ሲወጣ በማንቁርት ከፍታ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ፊትንና የራስ ቆዳን ይመግባል፤ ሌላው ወደ ራስ ቅል ገብቶ አንጎልን ይመግባል፤ ለዐይን የሚሆነውንም ሥር እግረ መንገዱን ይሰጣል። መከፈያው ላይ ቧንቧው ጥቂት ሰፋ ይላል፤ ደሙም ከውጭኛው ግድግዳ አጠገብ ፍጥነቱን ቀንሶ ይሽከረከራል። ወንዝ በሚታጠፍበት ጥግ ደለል እንደሚቀመጥ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በትንባሆና በኮሌስትሮል በተጎዳ ሰው ላይም ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ጥግ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ችግር፣ ፕላክ የሚባለውን፣ በውሃ ቧንቧ ውስጥ እንደሚጋገር ዝገት አድርጎ ያስበዋል። ፕላክ ግን ከግድግዳው ላይ አይለጠፍም፤ ግድግዳው ውስጥ፣ ከስስ ሽፋኑ ሥር ያድጋል። ስብ ይገባል፤ ስቡን ሊበሉ የመጡ ነጭ የደም ሕዋሳት እዚያው ይሞታሉ፤ በላዩ ጠባሳ መሰል ክዳን ይሠራል፤ ሲቆይም እንደ ኖራ ይጠጥራል። አደጋው የሚመጣው ክዳኑ ሲሳሳና ሲቀደድ ነው። ደም ከተቀደደው ቦታ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ ከረጋው ደም ቁራሽ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ቁራሹ ትንሽ ከሆነ አንዱን ቀጭን ሥር ለጥቂት ደቂቃ ዘግቶ ይሟሟል፤ እጅ ዝሎ ይመለሳል፤ ዐይን ጨልሞ ይበራል። ትልቅ ከሆነ ግን አይመለስም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልብ በሉ። ግራው አንጎል የሚያዝዘው ቀኝ እጅን ነው፤ ግራው ካሮቲድ የሚመግበው ግን ግራ ዐይንን ነው። ስለዚህ የጋሼ ቀኝ እጅና ግራ ዐይን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አልነበሩም። ሁለቱም ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ግራ አንገታቸው ነበር።

ይህን ምሥጢር ለዓለም በግልጽ የተረጎመው የካናዳው የነርቭ ሐኪም ሚለር ፊሸር ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ፊሸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች እጅ ለዓመታት ተማርኮ ከቆየ በኋላ ወደ ሞንትሪያል ተመልሶ ስትሮክን ያጠና ጀመር። ጎኑ ሽባ የሆነ አንድ ታካሚ፣ ከመታመሙ በፊት ዐይኑ በየጊዜው ይጠፋበት እንደነበረ፣ የጠፋውም ሽባ ከሆነው ጎኑ በተቃራኒ ያለው ዐይን እንደነበረ አጫወተው። ታካሚው ነገሩ የተገላበጠ መስሎት ተገርሞ ነበር። ፊሸር ግን ዐይኑን ከአንዱ ጎን፣ እጁን ከሌላው ጎን ሊያሳምም የሚችል አንድ ቦታ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ አንገት ሆነ። በዚያን ዘመን አስከሬን ሲመረመር አንጎል ይታያል እንጂ አንገት እምብዛም አይከፈትም ነበር። እርሱ የአንገቱን ሥሮች ማውጣት ጀመረ፤ ተዘግተውም አገኛቸው። በ1951 ባሳተመው ጽሑፍም አንድ ቀን ቀዶ ሐኪሞች ይህን ጥበት የሚያልፉበት መንገድ ያገኛሉ ብሎ ተስፋ አደረገ።

ተስፋው ብዙ አልዘገየም። በ1954 ለንደን ውስጥ በሴይንት ሜሪ ሆስፒታል፣ ኢስትኮትና ባልደረቦቹ የአንዲት የ66 ዓመት ሴት ካሮቲድ የታመመውን ክፍል ቆርጠው አውጥተው ሥሩን መልሰው ገጠሙት። ይህች ሴት ከዚያ በፊት በጥቂት ወራት ውስጥ 33 ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ስትሮክ ደርሶባት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቆመላት። ሠላሳ ሦስት ጊዜ የጮኸ ምልክት በመጨረሻ ሰሚ አገኘ ማለት ነው።

ያኔ አንገት ውስጥ ያለውን ለማየት መርፌ ወደ ደም ቅዳው አስገብቶ ቀለም እየረጩ በራጅ ማንሣት ግድ ነበር። ዘዴውን ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 የጀመረው ሲሆን፣ ጠቃሚ ቢሆንም ራሱ ስትሮክ ሊያስነሣ የሚችል ነበር። አደጋ የሌለውን መንገድ የከፈተልን ከሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው ሰው ነው።

አምቡላንስ እየጮኸ ወደ እናንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፏችሁ ሲሄድ ይወፍራል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 በፕራግ ስለ ጥንድ ከዋክብት ብርሃን ቀለም ሲናገር ያስቀመጠው ሐሳብ ይህ ነው፤ የሞገድ ምንጭ ሲቀርብና ሲርቅ ሞገዱ ይለወጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ፣ ጆሮአቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን ከሐዲዱ ዳር አቁሞ ነገሩን ፈተነው፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1950ዎቹ በጃፓን ኦሳካ ሳቶሙራ የሚባል ተመራማሪ ይህንኑ ሕግ በሰውነት ውስጥ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ሲያትል የስትራንድነስ ቡድን ምስሉንና የፍጥነት ልኩን በአንድ መሣሪያ አዋሐዳቸው። ዛሬ ዱፕሌክስ የምንለው ምርመራ ከዚያ የተወለደ ነው።

እዚህ ያላችሁ እናቶች አልትራሳውንድን ታውቁታላችሁ። ሆዳችሁ ላይ ቀዝቃዛው ጄል ተቀብቶ የልጃችሁን የልብ ምት የሰማችሁበት ነው። የአንገቱም ምርመራ ከዚያ አይለይም። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ አገጩን ጥቂት ቀና አድርጎ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። እኔ ጠፍጣፋውን ፕሮብ ከአንገት ሥር ካለው አጥንት በላይ አሳርፌ፣ ሥሩን በአግድም እያየሁ እስከ መንጋጋ ሥር እወጣለሁ፤ ከዚያም በቁመቱ እመለስበታለሁ። ድምፁን ስከፍት ክፍሉ በደሙ ሹሹታ ይሞላል። ጤነኛ ካሮቲድ ለስላሳና ወጥ ድምፅ አለው። ጠባብ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፁ ይቀጥናል፤ እንደ ፉጨት ይሆናል።

ፍጥነቱ ለምን ይጨምራል? ጢስ አባይን ለማየት በአላታው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ የተሻገረ ሰው መልሱን አይቶታል። ከላይ በሰፊው የተንጣለለው ወንዝ እዚያ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ያጓራል። ያው ውሃ በጠበበ መንገድ ማለፍ ስላለበት ነው። የደም ሥርም እንዲሁ ነው። በ2002 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የተስማሙበት መለኪያ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በጠባቡ ቦታ የደሙ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ ከ125 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥበቱ ከ50 በመቶ አይደርስም፤ ከ125 እስከ 230 ከሆነ ከ50 እስከ 69 በመቶ ነው፤ ከ230 ካለፈ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። የጋሼ ከ300 በላይ ነበር።

ይሁን እንጂ ወንዙ ሊደርቅ ሲቃረብ እንደማያጓራ አትርሱ። ሥሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፈው ደም ስለሚያንስ ፍጥነቱ መልሶ ይወርዳል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ጤነኛ ነው ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ቁጥርና ምስል እርስ በርስ መመሳከር ያለባቸው። የዶፕለሩ የድምፅ ሞገድ ደሙ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ60 ዲግሪ ካለፈም ልኩ ይሳሳታል። መሣሪያው ራሱ አይመረምርም፤ የሚመረምረው የያዘው እጅና የሠለጠነው ዐይን ነው።

ልጆች ከውጭ ሆነው የአባታቸውን ውጤት በቴሌግራም ልከው "ዶክተር፣ ምን ማለት ነው?" ሲሉኝ፣ አራት ነገሮችን እንዲፈልጉ እነግራቸዋለሁ።

አንደኛው፣ ጎኑ ነው። የተገኘው ጥበት ምልክቱን ካመጣው አንጎል ጋር በአንድ በኩል ነው ወይ? ቀኝ እጃቸው ለዛለ ሰው ቀኝ አንገት ላይ የተገኘ ፕላክ የዚህ ስትሮክ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም፤ ግራውን ፈልጉ።

ሁለተኛው፣ የጥበቱ መጠንና የተለካበት መንገድ ነው። የሰሜን አሜሪካው ዘዴ ጠባቡን ቦታ ከበላዩ ካለው ጤነኛ ክፍል ጋር ያወዳድራል፤ የአውሮፓው ደግሞ ያው ቦታ ሳይታመም በፊት ይኖረው ነበር ተብሎ ከሚገመተው ስፋት ጋር። በመጀመሪያው 50 በመቶ የተባለ ሥር በሁለተኛው 70 ገደማ ሊባል ይችላል። ሥሩ አልተለወጠም፤ ሜትሩ ነው የተለወጠው።

ሦስተኛው፣ የፕላኩ ጠባይ ነው። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ግምት ይገለበጣል። ነጭ ሆኖ የሚያበራና ከኋላው ጥላ የሚጥል ፕላክ የጠጠረ ነው፤ ሰው ድንጋይ ሲሰማ ይደነግጣል። በአብዛኛው ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ለማየት የሚያስቸግረው ጥቁሩ ነው፤ ምክንያቱም ጥቁረቱ ውስጡ ለስላሳ ስብ ወይም የፈሰሰ ደም መሆኑን ያመለክታል። እንዲህ ያለው ፕላክ ክዳኑ ስስ ሆኖ በቀላሉ ይቀደዳል። ገጹ ወጥ ነው ወይስ ተቦርቡሯል? ላዩ ላይ የሚወዛወዝ ነገር አለ? ጥሩ ሪፖርት እነዚህን ይጽፋል። በጋሼ አንገት ያየሁት ጥቁር፣ ገጹም የተቦረቦረ ነበር።

አራተኛው፣ ፕላክና የግድግዳ ውፍረት አንድ አለመሆናቸው ነው። ከዕድሜ ጋር ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል። ባለሙያዎች በማንሃይም በደረሱበት ስምምነት መሠረት ፕላክ የሚባለው ወደ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የገባ፣ ወይም ከአካባቢው ግድግዳ በግማሽ የበለጠ፣ ወይም ውፍረቱ ከአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ያለፈ ነው። "ትንሽ ወፍሯል" የሚል ቃል ብቻ አይቶ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ጊዜው። በ1991 በካናዳዊው ሐኪም ሄንሪ ባርኔት የተመራው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ስትሮክ ወይም መጥቶ የሚሄድ ስትሮክ የደረሰባቸውና ጥበታቸው ከ70 እስከ 99 በመቶ የሆነ 659 ሰዎች ነበሩበት። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት በሁለት ዓመት ውስጥ 26 በመቶዎቹ በዚያው ጎን ስትሮክ ገጠማቸው፤ ፕላኩ በቀዶ ሕክምና ከተጠረገላቸው 9 በመቶዎቹ። ጥበታቸው ከ50 እስከ 69 በመቶ ለሆነ ሰዎች ጥቅሙ መጠነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከ50 በመቶ በታች ለሆነ ግን ቢላዋ አልጠቀመም።

ከዚያ በኋላ በ2004 የኦክስፎርዱ ፒተር ሮትዌልና ባልደረቦቹ የሰሜን አሜሪካንና የአውሮፓን ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው የዘገየንና የፈጠነን አወዳደሩ። ይህን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ድካሜ አይባክንም። ጥበታቸው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ታካሚዎች መካከል፣ ምልክቱ በታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ጥናቱ ለገቡት፣ በአምስት ዓመት ጊዜ አንድ ስትሮክ ለማስቀረት 5 ሰዎችን በቀዶ ሕክምና ማከም በቂ ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ ለገቡት ግን ያችኑ አንዲት ስትሮክ ለማስቀረት 125 ሰዎችን ማከም ያስፈልጋል። ሐኪሙ ያው ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ያው ነው። ልዩነቱ ጊዜው ብቻ ነው። የተቀደደው ክዳን ደም የሚያረጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ፣ ጉዳቱም ጥቅሙም የተሰበሰበው እዚያ ነው።

ቀዶ ሕክምና ለማያስፈልገውም ሰው ነገሩ ያው ነው። በ2007 ከዚያው ከኦክስፎርድ በወጣ ጥናት፣ መጥቶ የሚሄድ ወይም ቀላል ስትሮክ የደረሰበትን ሰው በቀጠሮ ማስጠበቅ ቀርቶ በዚያው ቀን መመርመርና መድኃኒት ማስጀመር ሲጀመር፣ በ90 ቀን ውስጥ የሚደገም ስትሮክ ከ10.3 በመቶ ወደ 2.1 በመቶ ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም ነበር። አስፕሪኑም፣ የኮሌስትሮሉም፣ የግፊቱም መድኃኒት ቀድሞውኑ ነበረ። የተለወጠው የተሰጠበት ቀን ነው።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ፣ ይህ ምርመራ የማይሠራውንም ልናገር። አልትራሳውንዱ የሚያየው አንገትን ነው፤ ራስ ቅል ውስጥ የገቡትን ሥሮች፣ ልብን፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ ያለ ሌላ ምርመራ አያሳየንም። በደም ሥር መዘጋት ከሚመጡት ስትሮኮች በትልልቅ ደም ቅዳዎች ጥበት የሚመጣው ከአምስት አንዱ ገደማ ነው። በሀገራችን ደግሞ ደም ፈሶ የሚመጣው ስትሮክ ከምዕራቡ ዓለም የበለጠ ድርሻ አለው፤ ዋና ምክንያቱም ያልታከመ የደም ግፊት ነው። በልጅነት ከተያዘ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚጎዳው በሽታም ከልብ ወደ አንጎል የረጋ ደም ይልካል። በጥቁሮችና በእስያውያን ዘንድ ራስ ቅል ውስጥ ያሉ ሥሮች ጥበት ከነጮቹ ይበዛል። ስለዚህ አንገታቸው ንጹሕ ነው የተባለ ሰው ምርመራቸው አልቋል ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ልባቸውንም የቀረውንም መፈለግ አለበት።

ከዚሁ ጋር፣ ምንም ምልክት ሳይኖራችሁ "አንገቴን ልታይ" ብላችሁ ገንዘባችሁን እንድታወጡ አልመክራችሁም። በአሜሪካ የመከላከያ ሕክምናን የሚመዝነው ግብረ ኃይል በ2014ም በ2021ም ምልክት የሌለባቸውን ሰዎች በጅምላ መመርመርን አልደገፈም፤ ምክንያቱም በሐሰት የሚያስደነግጥ ውጤት ሰውን ወደማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ሊገፋው ይችላል። ለዚያ ሰው የሚጠቅመው ግፊቱን መለካት፣ ስኳሩን ማወቅ፣ ትንባሆውን መተው ነው። የአንገቱ ምርመራ ቦታው ምልክት ከታየ በኋላ ነው፤ ከታየ በኋላ ግን ሳይውል ሳያድር።

በሀገራችን የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞቻችን ጥቂት መሆናቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር አለ። አልትራሳውንድ በእርግዝና ክትትል ምክንያት ከሲቲ ስካን ይልቅ ብዙ ቦታ ደርሷል። ጠፍጣፋውን ፕሮብም የእንቅርት ታካሚዎች ስለሚበዙብን እናውቀዋለን፤ እንቅርትን የሚመረምር ባለሙያ ካሮቲዱን በየቀኑ ከጎኑ እያየ ያልፋል። የቀረን ሥልጠና ነው፤ ከሥልጠናውም በላይ የስትሮክ ታካሚ አንገት በቀጠሮ የማይቆይ ጉዳይ መሆኑን ማመን ነው። ለሙያ ባልደረቦቼ አደራ የምለው ይህን ነው። የምርመራ ጥያቄ ስትጽፉ የዛለው የትኛው እጅ እንደሆነና ምልክቱ የታየበትን ቀን ጻፉልን፤ እኛም ስንመልስ ጎኑን፣ ፍጥነቱን፣ የፕላኩን ጠባይ ሳናጓድል እንመልስላችሁ።

ለቤተሰብ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የአንድ ሰው ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከከዳው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ወይም የአንድ ዐይኑ ብርሃን እንደ መጋረጃ ከተጋረደበት፣ ሰዓቱን ተመልከቱ፤ የታመመው የትኛው ጎን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። በመንገድ ላይ ቢሻለውም አትመለሱ። አስፕሪን ከቤት አትስጡት፤ ደም የፈሰሰበትና ሥር የተዘጋበት ስትሮክ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ለሌላው ይጎዳል። ሆስፒታል ስትደርሱም ከዚህ በፊት መጥቶ የሄደ ነገር ካለ፣ ባይጠየቅም ተናገሩ። ቤት ሲመለስም "ግፊቴ ወርዷል" ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እናንተ ጠብቁት፤ ግፊቱ የወረደው በመድኃኒቱ ነውና።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት አሉ። በከዘራ ይሄዳሉ፤ ስኒ የሚይዙት በግራ እጃቸው ነው። ቃላት እየጠፉባቸው ስለሚቸገሩ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትሞላላቸዋለች። ለክትትል ሲመጡ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ "ዶክተር፣ የዚያን እሑድ እኮ እጁም ተመልሶ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነን ነበር።" ምን ልመልስላት? ደስታቸው ጥፋት አልነበረም። በእኛ ባህል ከሕመም የተነሣን ሰው "እንኳን ማረህ" ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም እንዲቀር አልፈልግም። የምለምናችሁ ቦታውን እንድትቀይሩት ነው። ስኒው ወድቆ እጁ ከተመለሰ፣ ዘመድ ጎረቤቱ እዚያው ሳሎን ተሰብስቦ አይመርቅ፤ ታማሚውን ይዞ ይነሣ። አንገቱ ይታይ፤ መድኃኒቱ ይጀመር። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ፣ በሁለት እግሩ እየሄደ፣ በሙሉ አንደበቱ "አሜን" ሲል፣ ያኔ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንኳን ማረህ እንበለው።